ለባለ ድርብ ክንፍ ሞዴል አውሮፕላን ሞተር ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «ከባልሳ እንጨት የሚገጣጠም ባለ ድርብ ክንፍ ሞዴል አውሮፕላን ኪት ገዝቻለሁ። የላይኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 122 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የታችኛው ትንሽ ያጥራል፤ የሁለቱም ወርድ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። መመሪያው ሲጠናቀቅ ከ2 እስከ 2.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል ይላል። የተነደፈው 6.5 ሲሲ ለሆነ የነዳጅ ሞተር ቢሆንም እኔ በኤሌክትሪክ ማብረር እፈልጋለሁ። ከፎም ከተሠራ መለማመጃ አውሮፕላኔ የተረፈ 1000 ኬቪ ሞተር፣ ባለ 3 ሴል 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሊፖ ባትሪና የ40 አምፒር ፍጥነት መቆጣጠሪያ አለኝ። ሞተሩ ላይ 380 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ሁለት ክንፍ ያለው አውሮፕላን በቀላሉ ስለሚነሣ ይህ አይበቃውም? ካልበቃ ኬቪው ከፍ ያለ ሞተር ልግዛ? ባትሪውንስ የነዳጅ ታንኩ በተሠራለት ቦታ ላስቀምጠው?»

ምላሽ፦ አይበቃውም። ያለዎት ሞተር አውሮፕላኑን ከሜዳው ሊያነሣው ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ከተነሣ በኋላ ሲዞር፣ ነፋስ ሲመታው ወይም ሊያርፍ ቀርቦ እንደገና ሽቅብ መውጣት ሲያስፈልገው የሚጠቀምበት ትርፍ ኃይል አይኖረውም። ኬቪው ከፍ ያለ ሞተር መግዛትም መፍትሔ አይሆንም፤ እንዲያውም በጥያቄዎ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ሁሉ ዕቃ ሊያቃጥልብዎት የሚችለው ይኸኛው ነው። ምክሬ አሁን ምንም ዓይነት ሞተር እንዳይገዙ ነው። መጀመሪያ አካሉን ይሥሩ፣ ሚዛን ላይ ያውጡት፣ ከዚያ ይምረጡ። ለምን እንደሆነ ከክንፉ ጀምሬ ላስረዳ።

ሁለት ክንፍ ያለው አውሮፕላን የማንሻ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል የሚለው ግምት የብዙ ሰው ቢሆንም ስሕተት ነው። ክንፍ የሚያነሣው ከላዩ ያለው የአየር ግፊት ዝቅ፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ ከፍ ስለሚል ነው። ሁለት ክንፎች አንዱ ከአንዱ በላይ ሲቀመጡ ግን ከላይኛው ሥር ያለው ከፍተኛ ግፊትና ከታችኛው ላይ ያለው ዝቅተኛ ግፊት በመካከላቸው ባለው ጠባብ ቦታ ስለሚገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ይቀንስበታል። በመሆኑም ከሁለቱ የሚገኘው ድምር፣ ለየብቻቸው ቢበሩ ከሚሰጡት ያነሰ ነው። ንድፍ አውጪዎች በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለውን ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከክንፉ ወርድ ጋር ተቀራራቢ የሚያደርጉት ይህን ጉዳት ለመቀነስ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ቢያራርቁት ምሰሶዎቹ ይረዝማሉ፣ ክብደቱም ይጨምራል። የራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩት አውሮፕላንም ሆነ ከዚያ በኋላ የመጡት በርካቶች ድርብ ክንፍ የነበሩት በአብዛኛው ለጥንካሬ ሲባል ነው፤ በምሰሶና በሽቦ የተወጠሩ ሁለት ክንፎች ቀላል ሆኖ የማይጎብጥ እንደ ሣጥን ያለ አካል ይሠራሉ።

ለዚህ ጥንካሬ ግን የሚከፈል ነገር አለ፤ እርሱም የአየር መጎተት ነው። ምሰሶዎቹ፣ ሽቦዎቹ፣ አራቱ የክንፍ ጫፎች፣ ሰፊው አፍንጫና ተንጠልጥለው የሚቀሩት ጎማዎች ሁሉም አየሩን ይገፋሉ። የፎም መለማመጃዎ ስሮትሉን (የሞተሩን ኃይል መስጫ) ሲዘጉበት ረጅም መንገድ እየተንሳፈፈ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ይህኛው እንዲያ አያደርግም፤ ኃይሉ ሲቋረጥ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፍጥነቱን ስለሚያጣ አፍንጫውን ወዲያው ዝቅ ካላደረጉት አየር ላይ ቆሞ፣ ማለትም ክንፉ ማንሣት አቅቶት፣ ይወድቃል። ስለዚህ የሞተሩ ትልቅነት የሚወሰነው በክንፍ ብዛት ሳይሆን በክብደቱና በዚህ መጎተት ነው።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ከባትሪው የሚወጣውን ኃይል (ቮልት በአምፒር ተባዝቶ የሚገኘውን ዋት) ለአውሮፕላኑ ሙሉ ክብደት ማካፈል ጥሩ መነሻ ነው። ባለ አንድ ክንፍ መለማመጃ በኪሎ ግራም ከ150 እስከ 200 ዋት ካገኘ በደንብ ይበራል። በአየር ላይ መገለባበጥ የሚፈለግ ከሆነ 330 ዋት አካባቢ ያስፈልጋል። ለባለ ድርብ ክንፍ፣ ረጋ ያለ በረራ ብቻ ቢፈልጉም እንኳ፣ ወደ ሁለተኛው ቁጥር መጠጋት ይሻላል፤ ሁልጊዜ ሙሉውን ይጠቀሙበታል ማለት ሳይሆን፣ አብዛኛውን በረራ በግማሽ ስሮትል እየበረሩ ትርፉን ለክፉ ጊዜ ያቆዩታል። የእርስዎ 380 ዋት ለ2.2 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ ወደ 173 ዋት ይመጣል፤ ለመለማመጃ የሚበቃ፣ ለዚህ ግን የማይበቃ ነው። ዒላማው 700 ዋት አካባቢ ይሁን። ሞተር ሲመርጡም የታተመበትን ዋት ብቻ አይመኑ፤ አንድ ግራም የሞተር ክብደት ያለ ችግር የሚሸከመው ወደ 3 ዋት ያህል እንደሆነ አድርገው ያስሉ። በዚህ ስሌት የሚፈልጉት ከ230 እስከ 280 ግራም የሚመዝን ሞተር ነው። 120 ግራም ሞተር ላይ 700 ዋት ተጽፎ ቢያዩ፣ ያ ቁጥር ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚሠራ ነው።

ኬቪ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ያለ ፕሮፔለር በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚነግር ቁጥር ነው። ኬቪው ከፍ ያለ ሞተር በፍጥነት የሚዞር ትንሽ ፕሮፔለር ይፈልጋል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ትልቅ ፕሮፔለር በዝግታ ያዞራል። ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በዝግታ የሚበር፣ አፍንጫው ሰፊ የሆነና ብዙ የሚጎተት ስለሆነ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ትንሽ ፕሮፔለር ቢገጥሙለት የሚገፋው አየር ግማሹ ከራሱ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ጋር ይጋጫል፤ ትልቁ ግን ከአፍንጫው ዙሪያ አልፎ ንጹሕ አየር ይይዛል። አሁን ያለዎትን 1000 ኬቪ ሞተር በ4 ሴል ባትሪ ላይ ከትልቅ ፕሮፔለር ጋር ቢያገናኙት ደግሞ ከአቅሙ በላይ አምፒር ስለሚስብ፣ ሞተሩ ወይም መቆጣጠሪያው ይቃጠላል።

የፕሮፔለር ምርጫ ላይ ብዙ ሰው አንድ ኢንች ምንም አይደለም ብሎ ስለሚሳሳት ትንሽ ላብራራ። ፕሮፔለር በተመሳሳይ ዙር የሚበላው ኃይል ከቁመቱ ጋር በአራተኛ ርቢ ያድጋል። 12 ኢንቹን አውልቀው 13 ኢንች ሲያደርጉ፣ ዙሩ ባይቀንስ ኖሮ፣ የሚያስፈልገው ኃይል 38 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ፕሮፔለር በቀየሩ ቁጥር በዋት ሜትር መለካት ግዴታ ነው። ለእርስዎ አውሮፕላን በ4 ሴል፣ ከ750 እስከ 800 ኬቪ ሞተርና 13 በ6.5 ፕሮፔለር (ርዝመቱ 13 ኢንች፣ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው 6.5 ኢንች) ይሆናል የምለው በሚከተለው ስሌት ነው፦ በጭነት ጊዜ ባትሪው 14 ቮልት አካባቢ ሲሰጥ ፕሮፔለሩ በደቂቃ ወደ 8,800 ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር 6.5 ኢንች ወደ ፊት ቢሄድ በሰከንድ ወደ 24 ሜትር ይመጣል። የሁለቱ ክንፎች ስፋት 0.47 ካሬ ሜትር አካባቢ፣ ክብደቱ 2.2 ኪሎ ሲሆን አውሮፕላኑ ሊቆም የሚችልበት ፍጥነት በሰከንድ ወደ 9 ሜትር ነው። የፕሮፔለሩ ፍጥነት ከዚህ ሁለት ተኩል ጊዜ በላይ ስለሆነ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ማሳደግ አምፒር ከመብላት ውጭ ይህን አውሮፕላን አያፈጥነውም። ፕሮፔለሩ 33 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም፣ ጅራቱ ከፍ ብሎ አውሮፕላኑ ሲንደረደር ጫፉ መሬት እንዳይነካ ከመግዛትዎ በፊት ከጎማው ጋር ይለኩት።

ባለ 3 ሴል ባትሪ ይዞ 700 ዋት ማግኘት አይቻልም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በ4 ሴል 50 አምፒር የሚበቃው ሥራ በ3 ሴል ወደ 67 አምፒር ይፈልጋል፤ በሽቦና በመገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በአምፒሩ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ 4 ሴል፣ 3300 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ 30ሲ (ባትሪው ከአቅሙ ስንት እጥፍ አምፒር መስጠት እንደሚችል የሚነግር ቁጥር) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ባትሪ ይያዙ። መቆጣጠሪያው 70 አምፒር ይሁን፤ ልክ 50 የሆነውን መርጦ በጠባብ አፍንጫ ውስጥ ማፈን አይገባም። እዚህ ላይ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፦ ለሰርቮዎቹ (መሪዎቹን ለሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች) ኃይል የሚሰጠው የመቆጣጠሪያው ክፍል፣ ቢኢሲ የሚባለው፣ ሊኒያር ዓይነት (ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት የሚለውጥ) ከሆነ በ4 ሴል ላይ አራት ሰርቮ ሲጫንበት በሙቀት ራሱን ሊዘጋ ይችላል። ያ ሲሆን ሞተሩ ብቻ ሳይሆን መሪው ሁሉ ይጠፋል። ስዊቺንግ የሆነውን ይግዙ፣ አለዚያም ለብቻው የሆነ ቢኢሲ ይግጠሙ።

አሁን ወደ አሠራሩ። ኪቱን ሲከፍቱ ከሁሉ በፊት የባልሳውን ጣውላዎች በሚዛን ይለዩ። አንድ ዓይነት ውፍረትና ርዝመት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች ክብደታቸው በጣም ሊለያይ ይችላል፤ ቀላሉ ለጅራት፣ ከባዱና ጠንካራው ለፊተኛው አካል ይሂድ። ድርብ ክንፎች አፍንጫቸው አጭር፣ ጅራታቸው ረጅም ስለሆነ፣ ጅራት ላይ የሚጨመር አንድ ግራም ኮላ አፍንጫ ላይ ሦስት ግራም ያህል እርሳስ ያስጨምራል። ጅራቱን በብርጭቆ ወረቀት ጥሩ አድርጎ ማለስለስና ትርፍ ኮላውን መጥረግ ለውበት ብቻ የሚደረግ ሥራ አይደለም።

ለተራ መገጣጠሚያ ሱፐር ግሉ ይበቃል፤ ለረጃጅሞቹ የክንፍ አግዳሚዎች የእንጨት ኮላ የተሻለ ነው፤ ጊዜ ሰጥቶ ለማስተካከል ይመቻል። ሞተሩ የሚታሰርበት የኮምፔርሳቶ ግድግዳ፣ የጎማው መቀመጫና የላይኛውን ክንፍ የሚሸከሙት መካከለኛ ምሰሶዎች ግን ቀስ ብሎ በሚደርቅ ኢፖክሲ መያያዝ አለባቸው፤ ግድግዳው ከኋላው በሦስት ማዕዘን እንጨት ይደገፍ። የነዳጅ ሞተሩ ከኤሌክትሪኩ ይረዝም ስለነበር ሞተርዎ በኪቱ ግድግዳ ላይ ብቻ ቢታሰር ፕሮፔለሩ ከአፍንጫው ሽፋን ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው በረጃጅም ብሎንና በብረት ቱቦዎች ወደ ፊት ማውጣት፣ ወይም ከኮምፔርሳቶ ትንሽ ሣጥን መሥራት ነው። ይህን ክፍል ሞተሩን እስኪመርጡ ድረስ ሳያጣብቁ ያቆዩት። ሞተሩ ወደ ቀኝ 2 ዲግሪ ያህል፣ ወደ ታችም በንድፉ መጠን እንዲያዘነብል የተደረገው በስሕተት አይደለም፤ በሥራዎ መሐል «ቀጥ ላድርገው» እንዳይሉ።

ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው የሁለቱ ክንፎች አቀማመጥ ነው። የላይኛውና የታችኛው ክንፍ ከአካሉ ጋር የሚሠሩት አንግል በንድፉ ላይ ተወስኗል፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላይ አንድ ዲግሪ ማለት 3.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዓይን «ደህና ነው» የሚባለው ስሕተት አየር ላይ ይታወቃል። ከዓመታት በፊት ራሴ በሠራሁት አንድ ድርብ ክንፍ ላይ በግራ በኩል ያለው የኋላ ምሰሶ ከቀኙ በ2 ሚሊ ሜትር አጥሮ ነበር። ስገጥመው ክንፉ ስለተለመጠልኝ ችግር አልመሰለኝም፤ ብሎኑን አጥብቄ አለፍኩት። ምሰሶው ግን የላይኛውን ክንፍ የኋላ ጠርዝ ጫፉ ላይ ወደ ታች ጎትቶ ጠምዝዞት ኖሯል። በበረራ ላይ ወደ ቀኝ መጋደሉን በሪሞቱ አስተካከልኩት፤ ለማረፍ ሳዘገየው ግን የተጠመዘዘው ግራ ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ቆመና ከሁለት ሜትር ከፍታ በግራ ክንፉ ወደቀ። ስለዚህ አካሉን ጠረጴዛ ላይ በውሃ ልክ አስተካክለው ካሰሩ በኋላ የአራቱንም የክንፍ ክፍሎች አንግል በመለኪያ ያንብቡ፤ ከእያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ጅራቱ መሐል ሲባጎ ወጥረው ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ። ምሰሶ ያለ ጉልበት ቦታው ካልገባ የሚታረመው ምሰሶው እንጂ ክንፉ አይደለም። ክንፉን የሚሸፍነውን ፊልም (ስስ ፕላስቲክ) በካውያ ካለበሱ በኋላም ሙቀቱ ክንፉን ሊጠመዝዘው ስለሚችል ልኬቱን ይድገሙት። ሽቦዎቹንም መመሪያው ለጌጥ ብቻ እንደሆኑ በግልጽ ካልተናገረ በቀር አይተዉአቸው።

ባትሪውን በታንኩ ቦታ ላስቀምጠው ወይ ላሉት መልሱ በሚዛን ነጥቡ ላይ ይመሠረታል። የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከነዳጁ ሞተርና ከጭስ ማውጫው ስለሚቀል የጎደለውን ክብደት ባትሪው መሙላት አለበት፤ ስለዚህ የባትሪው ቦታ ከታንኩ ይልቅ እስከ ግድግዳው ድረስ፣ ቢቻል ግድግዳውን በስቶ በሞተሩ ሣጥን ውስጥ መሆን ይገባዋል። መደርደሪያውን ረዘም አድርገው ይሥሩት፤ ባትሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንሸራተት ብዙ እርሳስ ከመጨመር ይድናሉ። በዚያው ላይ ከላይ ወይም ከሥር የሚከፈት ክዳን ያብጁለት፤ ለእያንዳንዱ በረራ ክንፍና ምሰሶ ማውለቅ ያለበት ሰው ጥቂት ቆይቶ መቻኮል ይጀምራል።

የሚዛን ነጥቡን ሲለኩ በአንዱ ክንፍ ብቻ አይለኩ። የላይኛው ክንፍ ከታችኛው በ8 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የቀደመ ነው እንበል። ሁለቱ ተመሳሳይ ስፋት ካላቸው አንድ አማካይ ክንፍ እንዳለ አድርጎ ማሰብ ይቻላል፤ የዚህ ክንፍ የፊት ጠርዝ ከላይኛው 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሆናል። የ20 ሴንቲ ሜትሩ ሩብ 5 ስለሆነ የሚዛን ነጥቡ ከላይኛው ክንፍ የፊት ጠርዝ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል። በላይኛው ክንፍ ብቻ የሚለካ ሰው 5 ላይ ያደርገውና አውሮፕላኑ አፍንጫው ይከብዳል፤ በታችኛው ብቻ የሚለካ ደግሞ 13 ላይ ያደርገውና ጅራቱ ይከብዳል። የመጀመሪያው አውሮፕላኑን ዳተኛ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ከመሬት በተነሣ በሰከንዶች ውስጥ ይሰብረዋል። ንድፉ ላይ የተሰጠ ነጥብ ካለ እርሱን ይከተሉ፤ ይህ ስሌት ንድፉን ለማረጋገጥ ይረዳዎታል። ሚዛኑ የሚለካው ባትሪው፣ ፕሮፔለሩና ሽፋኑ ሁሉ ገብተው ነው።

በነዳጅ ሞተር ፋንታ ኤሌክትሪክ መምረጥዎ አንድ ገደብ አለው፤ ሞተር፣ መቆጣጠሪያና ባትሪ ሁሉም በሽፋኑ ውስጥ ተዘግተው ይሞቃሉ። አየር የሚገባበትን ቀዳዳ ብቻ መክፈት በቂ አይደለም፤ የሚወጣበት ከሚገባበት ሊሰፋ ይገባል። ከፍታ ቦታ ላይ የሚያበሩ ከሆነ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ላይ አየሩ በ18 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ የሚቆምበት ፍጥነት በ10 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ማቀዝቀዣውም ይዳከማል። የኤሌክትሪክ ሞተር እንደ ነዳጁ በአየር እጥረት አይደክምም፤ ፕሮፔለሩ ግን የሚይዘው አየር ያንሰዋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። የእንጨቱ ሥራ አልቆ ፊልም ከመልበሱ በፊት አካሉን ከሰርቮዎቹና ከጎማዎቹ ጋር ይመዝኑ፤ ለፊልም፣ ለሞተርና ለባትሪ የሚጠብቁትን ክብደት ይደምሩ። ድምሩ እስከ 2.3 ኪሎ ከሆነ ከላይ የጻፍኩትን ይግዙ። ከ2.5 ካለፈ ግን ትልቅ ሞተር ከመፈለግዎ በፊት ክብደቱ ከየት እንደመጣ ይመርምሩ። የፎሙን ሞተርና ባትሪ ለፎሙ ይተዉት፤ እዚያ በትክክለኛ ቦታቸው ናቸው።

ሪሞትና ሰርቮ ሲያስተካክሉ ፕሮፔለሩ አይገጠም። ሲገጠም ጅራቱ በጠንካራ ነገር ይታሰር፤ ማንም ሰው ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን አይቁም። ሙሉ በሆነ ባትሪ ለ10 ሰከንድ ሙሉ ስሮትል ሰጥተው ዋትና አምፒሩን ያንብቡ፤ አምፒሩ ሞተሩ ወይም መቆጣጠሪያው ከሚችለው ካለፈ በ12 ኢንች ፕሮፔለር ይተኩ። ሪሞቱ ቢጠፋ ሞተሩ ራሱ እንደሚቆም መሬት ላይ ሞክረው ይዩ። ባትሪውን በ3.3 አምፒር፣ እሳት በማይይዝ ቦታ፣ ከአጠገቡ ሳይርቁ ይሙሉ፤ ካበጠ ከጥቅም ውጭ ያድርጉት፤ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይተዉት።

ለመጀመሪያው በረራ የሪሞቱን ሰዓት 4 ደቂቃ ላይ ያድርጉት፤ ሲዞሩ ከኤለሮኑ (ከክንፉ መሪ) ጋር ረደሩንም (የጅራቱን ቋሚ መሪ) ይስጡ፤ ለማረፍ ሲመጡ ጎማው ሣር እስኪነካ ድረስ ጥቂት ስሮትል ይተዉለት። ካረፈ በኋላ ባትሪውን ሲሞሉ ቻርጀሩ ስንት ሚሊ አምፒር ሰዓት እንደመለሰ ይጻፉ። 1,500 መልሶ ከሆነ በደቂቃ 375 በልቷል ማለት ነው፤ ከ3300ው አንድ አምስተኛውን ሳይነኩ የቀረውን 2,640 ለዚህ ሲያካፍሉ 7 ደቂቃ ይወጣል። ከሁለተኛው በረራ ጀምሮ ሰዓቱን 6 ላይ ያድርጉት፤ የቀረችው ደቂቃ ለሁለተኛ የማረፍ ሙከራ ትሁን።